ዲስክዎ አልተንሸራተተም

ጥያቄ፦ «የ36 ዓመት ወንድ ነኝ፤ በሒሳብ ሠራተኛነት ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ እውላለሁ። ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ታላቅ እህቴ ከኪራይ ቤት ወጥታ ወደ ደረሳት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ስትገባ ዕቃ አጋዝኋት። የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች የጠየቁት ገንዘብ የማይቀመስ ስለነበር ከባለቤቷ ጋር ራሳችን ለመሸከም ወሰንን። ቡፌውን ይዘን፣ እኔ ከታች ሆኜ፣ ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ወገቤ ‹ቋ› አለ። እንዳይጨነቁ ብዬ ዝም አልኩና ፍሪጁንና አልጋውንም አወጣሁ። በማግስቱ መነሣት አቃተኝ። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ከግራ መቀመጫዬ ተነሥቶ በጭኔና በባቴ ጀርባ እስከ ትንሿ የእግሬ ጣት ወረደ። ሳስል እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል። ራጅ ተነሥቼ አጥንትህ ደህና ነው ተባልኩ። ዳይክሎፌናክ በመርፌ ወስጄ አሁን ክኒኑን እየዋጥኩ ነው፤ ጾም ላይ ስለሆንኩ የጠዋቱን የምወስደው በባዶ ሆዴ ነው። አሥር ቀን ሙሉ ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተኝቻለሁ። እናቴ ወጌሻ ዘንድ ሄደህ ዲስኩ ወደ ቦታው ይመለስልህ ትላለች። አንዱ ባልደረባዬ ቶሎ ኤምአርአይ ተነሥተህ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገልህ ሽባ ትሆናለህ ይላል፤ ሌላው ሽባ የሚያደርገው ቀዶ ሕክምናው ነው ይላል። የቱን ልስማ?»

ምላሽ፦ ሦስቱንም አይስሙ። ሦስቱም ምክሮች የተነሡት ከአንድ የተሳሳተ ሥዕል ነው፤ እሱን ሳላስተካክል ስለ ሕክምናው ብናገር ትርፉ ድካም ነው። ከዚያ በፊት ግን ለነገ የማይባል አንድ ጉዳይ አለ።

ሽንት አልወጣ ብሎዎታል? ወይም ሳያውቁት ያመልጥዎታል? ሰገራ መቆጣጠር አቅቶዎታል? በብልትዎና በፊንጢጣዎ ዙሪያ፣ ማለትም ሰው ኮርቻ ላይ ሲቀመጥ በሚነካው የሰውነት ክፍል፣ ደንዝዞዎታል? ሕመሙ ወይም ድካሙ ሁለቱንም እግሮችዎን ይዟል? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ ይህን ማንበብዎን ትተው የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አሁኑኑ ይሂዱ። በአከርካሪው ታችኛ ክፍል የሚወርደው፣ በቅርጹ የተነሣ የፈረስ ጭራ የሚባለው የነርቭ ጥቅል ሲጨፈለቅ ጊዜው የሚቆጠረው በሰዓታት ነው፤ የሳምንት ቀጠሮ አይጠበቅም። በጥያቄዎ ውስጥ ይህ ስላልተጠቀሰ የለም ብዬ እቀጥላለሁ። ሆኖም ሰው ሳይጠየቅ ስለ ሽንቱ እንደማይናገር ከሥራዬ አውቃለሁና ደግመው ያስቡበት።

ሁለተኛው ፍተሻ የጡንቻ ጉልበት ነው። ግድግዳ በእጅዎ ነክተው በግራ እግርዎ ብቻ ይቁሙና ተረከዝዎን ከመሬት እያነሡ አሥር ጊዜ በጣቶችዎ ላይ ይውጡ። ከዚያ በተረከዝዎ ብቻ ጥቂት እርምጃ ይራመዱ። እያመመዎትም ቢሆን ከቻሉ ጡንቻውን የሚያዘው ነርቭ እየሠራ ነው። ከቀኙ ጋር ሲያነጻጽሩት ግራው የማይታዘዝ ከሆነ ወይም እግርዎ መሬት እየጠረገ ከሄደ በዚህ ሳምንት ሐኪም ሊያየዎት ይገባል። ፍተሻውን በየሁለት ቀኑ ይድገሙት፤ ከሕመሙ መጠን ይልቅ እሱ ብዙ ይነግርዎታል።

አሁን ወደ ሥዕሉ። በእኛ ቋንቋ «የዲስክ መንሸራተት» የሚለው አጠራር ብዙ ጥፋት ሠርቷል። ሰው ሲሰማው ከቁልሉ ሾልኮ የወጣ ሳሕን ይታየዋል፤ ሾልኮ ከወጣ ደግሞ ገፍቶ መመለስ ይቻላል ብሎ ማሰቡ አይገርምም። ዲስክ ግን በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለ ትራስ ሆኖ ከላይና ከታች ካለው አጥንት ጋር የተጣበቀ ነው፤ አይንሸራተትም። ውጫዊ ክፍሉ እንደ መኪና ጎማ በድርብርብ ክር የተጠናከረ ቀለበት ነው፤ ውስጡ ደግሞ የተዘፈዘፈ ተልባ እንደሚያወጣው ልጋግ ያለ ነገር ይዟል። ቀለበቱ ሲሰነጠቅ ልጋጉ በስንጥቁ በኩል ወደ ኋላ ያብጣል ወይም ይወጣል፤ በዚያ በኩል የሚያልፈውን የነርቭ ሥር ይጫነዋል፣ ያስቆጣዋልም። ሕመሙ ከጉዳቱ ርቆ እግር ላይ የሚሰማው ለዚህ ነው፤ የተነካው ገመድ መጨረሻው እዚያ ስለሆነ። በሚያሠቃይ ደረጃ የሚወጡት የወገብ ዲስኮች አብዛኞቹ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። የእርስዎ ሕመም በባት ጀርባ አልፎ ትንሿ ጣት መድረሱ ከወገብ አጥንት በታች የሚወጣው የመጀመሪያው የነርቭ ሥር መነካቱን ይጠቁማል። አውራ ጣት ቢሆን ኖሮ ከሱ በላይ ያለውን እጠረጥር ነበር። ሳልና ማስነጠስም በአከርካሪው ቦይ ውስጥ ያለውን ግፊት ስለሚጨምሩ ይነዝራሉ። ይህ ሁሉ ሳልመረምርዎት የምሰጠው ግምት ነው፤ ነገር ግን የነገሩኝ ታሪክ ከመማሪያ መጽሐፍ የተቀዳ ያህል ነው።

ለምን በቡፌው? የሁለት ሰው ሸክም ደረጃ ላይ እኩል አይከፈልም፤ ከታች ያለው ሰው ይበልጥ ይጫነዋል። በእርስዎ ላይ ያረፈው 40 ኪሎ ግራም ነው እንበል። ቡፌ ሰፊ ስለሆነ ሰውነት ላይ ተለጥፎ አይያዝም፤ ክብደቱ ከአከርካሪዎ ፊት ለፊት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ነበር። አከርካሪውን ከኋላ ጎትተው የሚያቆሙት የጀርባ ጡንቻዎች ደግሞ የሚስቡት 5 ሴንቲ ሜትር ከምትሆን ርቀት ላይ ነው። እንግዲህ 40ውን ኪሎ ለመመከት ስምንት እጥፍ፣ 320 ኪሎ ግራም በሚመዝን ኃይል መሳብ ነበረባቸው፤ ያ ኃይል ያረፈው ዲስኩ ላይ ነው። የራስዎን የላይኛውን አካል ክብደት አልጨመርኩም። በዚህ ላይ የደረጃው መታጠፊያ አለ፤ እዚያ ሰው ጎንበስ እንዳለ ይጠማዘዛል፣ የቀለበቱ ክሮችም በጣም የሚጠሉት ይህንን ነው። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም የተዘጋጀው፣ አንድ ሰው ቢያነሣ የማይጎዳውን ክብደት የሚያሰላው ቀመር የሚነሣው ከ23 ኪሎ ግራም ነው፤ እሱም ዕቃው ለሰውነት ቀርቦ፣ በጥሩ እጀታ፣ ሳይጠማዘዙ ሲነሣ ነው። ርቀትና መጠማዘዝ በተጨመሩ ቁጥር ይቀንሳል። ቡፌው ከመነሻው የሁለት ሰው ዕቃ አልነበረም።

«ቋ» ካለ በኋላ ፍሪጁንና አልጋውን ማውጣትዎን አልፌው አልሄድም። ለእህት ብሎ መሸከም መልካም ነው፤ «ወገቤን አመመኝ» ብሎ መቀመጥን ማፈር ግን ሌላ ነገር ነው። በክፍሌ ከማያቸው ወገቦች ስንቶቹን ሸክሙ፣ ስንቶቹን ይሉኝታው እንደጎዳቸው ለመለየት እቸገራለሁ።

ራጁ «ደህና ነው» ማለቱ እውነት ነው፤ የተጠየቀው ግን ሌላ ጥያቄ ነበር። ራጅ አጥንት እንጂ ዲስክም ነርቭም አያሳይም። ስለዚህ ምንም የለብዎትም ማለት አይደለም፤ ያልተሰበረ አጥንት አለዎት ማለት ነው። ያኔ ኤምአርአይስ? ኤምአርአይ ዲስኩን ያሳያል፤ ችግሩ ከሚገባው በላይ ማሳየቱ ነው። በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) የታተመ አንድ የጥናቶች ማጠቃለያ ምንም የወገብ ሕመም የሌላቸውን ከ3,000 በላይ ሰዎች ምስል መርምሮ፣ በ20ዎቹ ዕድሜ ካሉት 30 ከመቶው፣ በ50ዎቹ ካሉት ደግሞ 60 ከመቶው ያበጠ ዲስክ እንዳላቸው አሳይቷል። ጤነኛ የሆነውን አማችዎን ብናስነሣው እሱም ላይ አንድ ነገር ይገኝ ይሆናል። ኤምአርአይ ዋጋ የሚኖረው ውጤቱ ውሳኔ ሲቀይር ነው፦ ጉልበት እየደከመ ከሆነ፣ ሌላ በሽታ ከተጠረጠረ፣ ወይም ከስድስት ሳምንት በኋላ ሕመሙ አልላላ ብሎ ቀዶ ሕክምና ከታሰበ። ዛሬ ቢነሡ ምስሉ አስቀድሞ የጠረጠርነውን ይነግረናል፣ የምሰጥዎት ምክር ግን አይለወጥም። ገንዘብዎን ያቆዩት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደስ የሚል ነገር ደግሞ አለ። ከዲስኩ የወጣውን ልጋግ ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ ተቆጥቶ ይዘምትበታል፤ የሚያሠቃየው ብግነት አንዱ ምንጩ ይህ ቢሆንም፣ በጊዜ ሂደት ልጋጉን ውጠው የሚያጠፉትም እነዚያው የመከላከያ ሕዋሳት ናቸው። ከግማሽ በሚበልጡ ሰዎች ላይ የወጣው ክፍል በወራት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሟሽሻል። እንዲያውም ብዙ የወጣው ከጥቂቱ ይልቅ የመጥፋት ዕድሉ ሰፊ ነው። የእግር ሕመሙም በአብዛኛው ሰው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ በግልጽ ይቀንሳል። እርስዎ ገና በአሥራ ሁለተኛው ቀን ላይ ነዎት፤ ይህ የከፋው ወቅት ነው።

ወጌሻ ዘንድ አይሂዱ። ሞያውን ለማናናቅ አይደለም፤ ያበጠ ቁርጭምጭሚት በለዘብተኛ እጅ አሽቶ የሚያስታግስ ወጌሻ አውቃለሁ። ነገር ግን የወጣን ልጋግ በእጅ ገፍቶ ወደ ቀለበቱ የሚመልስ ሰው የለም፤ ወጌሻም ፊዚዮቴራፒስትም ቀዶ ሐኪምም። ወደ ቦታው የሚመለስ ነገር ከሌለ መጎተቱ፣ ማጣመሙና ጀርባ ላይ መቆሙ የሚያመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የተሰነጠቀውን ቀለበት ይበልጥ መሰንጠቅ። ይህን የምለው ለባለሙያም ጭምር ነው፤ ሕመሙ እግር ድረስ ወርዶ ሳለ ወገብዎን በኃይል ጠምዝዞ «ላንኳኳልህ» የሚል ማንም ቢሆን እምቢ ይበሉት። እናትዎ ቅር ካላቸው እግርዎን በለዘብታ ይሹልዎት፤ ጉዳት የለውም፣ ፍቅራቸውም ይደርሳል።

አሥር ቀን መተኛትዎ ትልቁ ስሕተት ነበር፤ ጥፋቱ ግን የመካሪዎችዎ ነው። ለወገብ ሕመም ለሳምንታት መተኛት በመላው ዓለም ይታዘዝ የነበረ ሕክምና ነው። በ1986 የታተመ ሙከራ ሁለት ቀን እንዲተኙ የተነገራቸውን ሰባት ቀን ከተነገራቸው ጋር አነጻጽሮ፣ ሁለት ቀን የተባሉት ምንም ሳይጎዱ ቀድመው ወደ ሥራ እንደተመለሱ ካሳየ ወዲህ ምክሩ ተገልብጧል። ጡንቻ በተኙበት ይሟሟል፤ ከዚያ ቀላሉ ነገር ሁሉ ይከብዳል፣ ፍርሃትም ይጨመራል። ከዛሬ ጀምረው ይራመዱ። ቤት ውስጥም ቢሆን አሥር ደቂቃ፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ፣ በሜዳማ ቦታ። ሲራመዱ ማመሙ ብቻውን ጉዳት እየደረሰ ነው ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ መለኪያ ይያዙልኝ፤ ከሁሉም ይልቅ በዚህ እመራለሁ። የሕመሙን መጠን ትተው ቦታውን ይከታተሉ። ከጣት ወደ ባት፣ ከባት ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ መቀመጫ ወደ ላይ ከወጣ፣ ወገብዎን ለጊዜው ይበልጥ ቢያምዎትም እየተሻለዎት ነው። ወደ ታች ከወረደ ያደረጉት ነገር አልተስማማዎትም። ይህን ይዘው አንድ እንቅስቃሴ ይሞክሩ፦ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ በሆድዎ ይተኙ፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ከቆዩ በኋላ በክርንዎ ተደግፈው ደረትዎን ቀና ያድርጉ። ሕመሙ ወደ ወገብ ከተሰበሰበ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ይድገሙት። ወደ እግር ከገፋ ያቁሙትና ለርስዎ የሚስማማውን አቅጣጫ ፊዚዮቴራፒስት ይፈልግልዎት፤ እልክ አይጋቡ።

ሌሊት ዲስክ ውኃ ስለሚመጥ ጠዋት ያበጠና የተወጠረ ነው፤ ጠዋት ቁመታችን አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚጨምረውም ለዚህ ነው። በነቁበት የመጀመሪያ ሰዓት አያጎንብሱ፤ ጫማዎን እግርዎን ወደ ላይ አንሥተው ይሠሩ ወይም ሰው ይሠርልዎት። በርጩማ ላይ ቁጢጥ ብሎ ቡና መጠጣት ለጊዜው ይቅር፤ ቆመው ይጠጡ፣ ማንም አይቀየምም። ጾም ላይ ስለሆኑ ስግደቱንም አነሣለሁ፤ ወገብን ሙሉ በሙሉ እያጠፉ ደጋግሞ መስገድ ለተሰነጠቀ ዲስክ ከፍሪጁ አይተናነስም። የንስሐ አባትዎን ያናግሩ፤ ለሕመምተኛ የሚሆን መንገድ አይጠፋም። ሥራ ቦታ በየሃያ ደቂቃው ይነሡ። ሲተኙ በጎንዎ ሆነው በጉልበቶችዎ መካከል ትራስ ያድርጉ። ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ወገብዎ ላይ ቢያደርጉ ጡንቻውን ያላላል፤ እግርዎ ላይ የደነዘዘ ቦታ ካለ ግን እዚያ አያድርጉት፤ ሳይሰማዎት ያቃጥልዎታል።

ስለ መድኃኒቱ። ዳይክሎፌናክን በባዶ ሆድ መዋጥ ዛሬውኑ ይቁም። ክኒኑ ዲስኩን አያድንም፤ ለመንቀሳቀስ የሚያስችል ፋታ ነው የሚሰጠው፣ ለእግር ሕመም ደግሞ ፋታውም መጠነኛ ነው። በዚያ ላይ የጨጓራ ቁስለት፣ ደም መፍሰስ፣ የኩላሊት ጉዳትና የደም ግፊት መጨመር ያመጣል። ከምግብ በኋላ፣ በዝቅተኛው በቂ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ ይወሰዳል፤ ከአይቡፕሮፌን ጋር አይደረብም። የጨጓራ፣ የኩላሊት፣ የልብ ወይም የግፊት ታሪክ ካለዎት ጨርሶ ለርስዎ አልተሠራም። ጥቁር ሰገራ ካዩ ያቁሙና ሆስፒታል ይሂዱ። መርፌው ከክኒኑ የተለየ ተአምር የለውም፤ ጨጓራንም ከጉዳት አያድንም። ለዚህ ሕመም በብዛት የሚታዘዘው ፕሪጋባሊን ደግሞ በ2017 በአውስትራሊያ በተካሄደ ሙከራ ከባዶ ክኒን አልበለጠም፤ ማዞሩ ግን በዝቶ ታይቷል። የቫይታሚን ቢ መርፌ እጥረት ለሌለበት ሰው ትርፉ የተወጋ መቀመጫ ነው።

ቀዶ ሕክምናን በተመለከተ ሁለቱም ባልደረቦችዎ ተሳስተዋል። ሲጎዳ ሽባ የሚያደርገው ኅብለ ሰረሰር የሚያበቃው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው፤ ለርስዎ የጠረጠርኩት ዲስክ ከዚያ በብዙ ይርቃል። ስለዚህ የወጣው ዲስክ በአንድ ሌሊት ሽባ ያደርጋል የሚለውም፣ ሐኪሙ ቢላ ሲያነሣ ሽባ ይሆናሉ የሚለውም ያለቦታው የተነሣ ፍርሃት ነው። እዚያ ያለው አደጋ በአንድ የነርቭ ሥር መድከምና ቀደም ብዬ በጠቀስኩት የፈረስ ጭራ መጨፍለቅ የሚመጣ ነው፤ ሁለተኛው ብርቅ ነው። የወጣውን ቁራጭ በትንሽ ቀዳዳ የማውጣት ቀዶ ሕክምና የእግር ሕመምን በፍጥነት ያስታግሣል፤ በኔዘርላንድስ ተካሂዶ በ2007 የታተመ ሙከራ ግን ቀድመው የተቀደዱትና የታገሡት ከዓመት በኋላ እኩል ደረጃ ላይ እንደተገኙ አሳይቷል። የሚገዙት ፍጥነትን ነው። የወገብ ሕመምን ግን እንደ እግሩ አያድንም፤ ዲስኩም በጥቂት ሰዎች ላይ እንደገና ይወጣል። ጉልበት ሲከዳ፣ ወይም ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት በሚገባ ተሞክሮ የእግር ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሣ፣ ያኔ ቀዶ ሕክምና ተገቢ ምርጫ ነው፤ ያለ ፍርሃት ይግቡበት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ይቀረኛል። ሰው ወገቡን ሲያመው ምክንያት ይፈልጋል፤ ዕቃ ያነሣበት ቀን ደግሞ ሁልጊዜ ይገኛል። በአገራችን የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ እንግዳ አይደለም፤ ጥሬ ወተት ለሚጠጣ ሰው ብሩሴሎሲስ የሚባል ከከብት የሚተላለፍ በሽታም አለ። ሕመሙ ከማጋዙ በፊት ጀምሮ ከነበረ፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ፣ ተኝተው ሲያድሩ ይበልጥ የሚብስብዎት ከሆነ ቡፌውን ነጻ ይልቀቁትና ደምና ምስል ወደሚያዝ ሐኪም ይሂዱ። ለርስዎ ታሪክ ይህ አይመስለኝም፤ ግን «እኔም ዕቃ ሳነሣ ነው የጀመረኝ» ብለው ለሚያነቡ ሌሎች ነው።

ስለዚህ የማዝዝዎት ይህን ነው። ፍራሹን ከወለሉ ያንሡ፣ ይራመዱ፣ ማንም ወገብዎን እንዳይጠመዝዝ ይከልክሉ፣ የእግር ጣት ፍተሻውን በየሁለት ቀኑ ያድርጉ። በዚህ ሳምንት ውስጥ አንድ ጊዜ በአካል ይመርመሩ። ሥራ ቆሞ መሥራት በሚፈቅድ መልኩ ግማሽ ቀን ከሆነ በሚቀጥለው ሳምንት መጀመር ይችላሉ። ስድስተኛው ሳምንት ሲሞላ ሕመሙ ከጉልበትዎ በላይ ካልወጣ ያኔ ስለ ኤምአርአይ እንነጋገራለን። ለሦስት ወር ከባድ ዕቃ አያንሡ። ከዚያ በኋላ ጉልበትን አጥፎ ማንሣትን መማር ብቻውን ይጠብቀኛል ብለው አይመኑ፤ በአነሣሥ ሥልጠና ላይ የተሠሩ ጥናቶች ሥልጠናው ብቻውን የወገብ ሕመምን እንዳልቀነሰ ነው ያሳዩት። የሚቀንሰው ሸክሙን ማቅለል ነው፦ መሳቢያውን ማውጣት፣ መስተዋቱንና በሩን መፍታት፣ በየፎቁ አስቀምጦ ማረፍ፣ ለአራት ሰው የሚሆነውን ለአራት ሰው መተው። የጫኝና አውራጆቹ ዋጋ የሚያናድድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከራጁ፣ ከመርፌውና ከጠፉት የሥራ ቀናት ጋር አስተያይተው ይደምሩት፤ ሒሳቡ የእርስዎ ሞያ ነው።

ለእህትዎም ይንገሯቸው። የቁም ሳጥኑን ቦታ ለመቀየር ሰው እየፈለጉ ከሆነ እርስዎ እንዳይጠሩ።